ምዕራፍ 6፦ የውፍረት መላጊያ ስንገዛ አብሮ የሚገዛው

አራት ጣውላ ጎን ለጎን አጣብቆ የጠረጴዛ ፊት ለመሥራት የሞከረ ሰው የውፍረትን ጣጣ ያውቀዋል። ሻጩ «2.5 ሴንቲ» ብሎ የሰጠው ጣውላ በካሊፐር ሲለካ አንዱ ጫፉ 24 ሚሊ ሜትር፣ ወገቡ 27፣ ሌላው ጫፉ 25 ሆኖ ይገኛል። አጠገቡ የሚጣበቀው ደግሞ የራሱ ልክ አለው። ኮላው ደርቆ ሞርሳው ሲፈታ በየመጋጠሚያው ላይ ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ይቀራል። ያንን በእጅ መላጊያና በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ሙሉ ቀን ይበላል። ቤቱ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ ያደራጀ ሰው ከመጋዝ ቀጥሎ የሚመኘው ማሽን ብዙ ጊዜ የውፍረት መላጊያ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ግን ቦታው መጨረሻ ላይ ነው። መቅደም ያለበት ማሽኑ ቤት ከገባ በኋላ ምን ይፈልጋል የሚለው ነው። ተስተካክሎ የቀረበ ፊት ይፈልጋል፣ ቢላዋ ይፈልጋል፣ የማይዋዥቅ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ለፍቅፋቂው መሄጃ ይፈልጋል። እነዚህን ያላሰበ ሰው ጥሩ ማሽን ገዝቶ በሸራ ሸፍኖ ያስቀምጣል። እንዲህ የተቀመጡ ማሽኖች ብዙ ናቸው፤ ያገለገለ ዕቃ ለሚፈልግ ሰው ግን መልካም አጋጣሚ ነው።

ከአሠራሩ እንጀምር። ጣውላው ዝርግ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። በላዩ ቢላዋ የታሰረበት ከበሮ ይሽከረከራል። ከከበሮው ፊትና ኋላ ያሉት ሁለት ሮለሮች ጣውላውን ወደ ታች እየተጫኑ ያሳልፉታል። በጠረጴዛውና በቢላዋው መካከል ያለው ርቀት 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚወጣው ጣውላም 20 ሚሊ ሜትር ነው። ልብ በሉ፤ ማሽኑ የታችኛውን ፊት አይነካውም። የሚያደርገው የላይኛውን ፊት ከታችኛው ጋር ትይዩ ማድረግ ብቻ ነው። ልክ እንደ ፎቶ ኮፒ የተሰጠውን ያባዛል፤ ስህተት አያርምም።

መሐሉ ወደ ላይ የጎበጠ ጣውላ ሲገባ ሮለሮቹ በሞላ ጉልበት ይጫኑትና ለቅጽበት ዝርግ ይሆናል። ቢላዋው ያልፈዋል። ሮለሩ ሲለቀው ደግሞ ወደ ጉብጠቱ ይመለሳል። በሌላ በኩል የሚወጣው ልሙጥ፣ ውፍረቱ እኩል፣ ግን እንደ ጥንቱ ጎባጣ የሆነ ጣውላ ነው። የተጠማዘዘም እንደዚሁ፤ ተጠማዞ ይገባል፣ ተጠማዞ ይወጣል። «ማሽን ገዝቼ እንጨቴ አልቀና አለ» የሚለው ቅሬታ ምንጩ ይህ ነው። ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ ማቅናት የሌላ መሣሪያ ሥራ ነው።

ስለዚህ ጣውላው ወደ ውፍረት መላጊያው ከመግባቱ በፊት አንድ ፊቱ መቅናት አለበት። መንገዱ ከአንድ በላይ ነው፤ ገዢው የትኛውን እንደሚከተል ካላወቀ ማሽኑን ለመምረጥ ገና ነው።

በጣም ርካሹ መንገድ የእጅ መላጊያ ነው። ሰው የሚፈራውን ያህል አድካሚ አይደለም፤ ምክንያቱም ፊቱ እንዲያምር አይጠበቅም። የሚፈለገው ጣውላው ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ እንዳይወዛወዝ ብቻ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች በሁለቱ ጫፎች ላይ አግድም አስቀምጦ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይን ማየት ነው። የሁለቱ ዘንጎች ጠርዝ ትይዩ ካልሆነ ጣውላው ተጠማዟል፤ ከፍ ያሉት ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ይላጋሉ። መሐሉ ላይ ያልተነካ ሸካራ ቦታ ቢቀርም ግድ የለም። ያ ፊት ወደ ታች ሆኖ አንድ ሁለት ጊዜ ካለፈ በኋላ ጣውላው ይገለበጥና ሸካራው ፊት በተራው ወደ ቢላዋው ይቀርባል።

ሌላው መንገድ ጣውላውን መቀመጫ ሰሌዳ ላይ ጭኖ ማሳለፍ ነው። ከጣውላው ትንሽ የሚረዝም ቀጥ ያለ ኤምዲኤፍ ወይም ወፍራም ኮምፔንሳቶ ይዘጋጃል። ጫፉ ላይ ጣውላው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ዝቅ ያለ ማቆሚያ ይመታበታል። ጎባጣው ጣውላ በላዩ ይቀመጥና አየር በያዘበት ቦታ ሁሉ ቀጭን ሽብልቅ በትኩስ ኮላ ይጣበቃል። አሁን ሮለሩ ሲጫን ጣውላው ዝቅ የሚልበት ቦታ የለውም፤ ቢላዋው እውነተኛውን ከፍታ ይቆርጣል። ሰሌዳው ራሱ የሚለመጥ ከሆነ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። ሁለት ሜትር ለሚሆን ሥራ ከሥሩ ተጨማሪ ድርብ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው የፊት ማቅኛ ማሽን ነው፤ ቢላዋው ከሥር ሆኖ ጣውላው በላዩ በእጅ የሚገፋበት ማለቴ ነው። እዚህ ላይ የማይታሰብ ችግር አለ። በአሜሪካ የቤት ወርክሾፖች በብዛት የሚገኘው ማቅኛ 6 ኢንች፣ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር ግድም ወርድ ያለው ነው። የውፍረት መላጊያው ግን ከ30 ሴንቲ በላይ ይቀበላል። ስለዚህ 25 ሴንቲ ወርድ ያለውን ጣውላ አንደኛው ማሽን ይቀበለዋል፣ ሌላው አይችለውም። አውሮፓውያን ይህንን የፈቱት ሁለቱን ሥራ አንድ ከበሮ ላይ በማዋሃድ ነው። ከላይ ይቀናል፣ ከሥር ውፍረቱ ይወጣል፣ የሁለቱም ወርድ እኩል ነው። በብዙ የአገራችን እንጨት ሥራ ቤቶች ያለው ኮምባይን ማሽንም መርሁ ይኸው ነው፤ መጋዝና መቦርቦሪያ ይጨመርበታል። ቦታ ያለው ሰው ሊያስብበት ይገባል። ግን ጠረጴዛው ጊሳ ነው፤ ክብደቱ በመቶ ኪሎዎች ይቆጠራል፤ ከማቅናት ወደ ውፍረት በተዞረ ቁጥር ጠረጴዛ ማንሳትና መመለስ አለው።

ሌላም ብልሃት አለ፤ ምንም አያስወጣም። ጣውላን ከመላግ በፊት ወደሚፈለገው ርዝመት አስጠግቶ መቁረጥ። ወጥ ሆኖ የጎበጠ ጣውላ ጉብጠቱ የሚቀንሰው በርዝመቱ ልክ ሳይሆን በርዝመቱ ካሬ ነው። 3 ሜትር ላይ 12 ሚሊ ሜትር የጎበጠው ጣውላ ሦስት ቦታ ቢቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የሚቀረው ጉብጠት ከ1.5 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ከሦስት ሜትሩ ላይ ጉብጠቱን ለማስወገድ ግማሽ ውፍረት መጣል ነበረበት፤ ከአንድ ሜትሩ ላይ ግን ትንሽ መላግ ይበቃል። የሳጥንና የወንበር ክፍሎች ርዝመታቸው ስንት እንደሆነ ማሰብ ነው።

ሮለሮቹ ለዚህ ማሽን ምን ያህል ወሳኝ እንደሆኑ ታሪኩም ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1828 ዊልያም ውድዎርዝ የተባለ የኒው ዮርክ ግዛት ሰው ለመላጊያ ማሽኑ የአሜሪካን ፓተንት አገኘ። የሚሽከረከር ቢላዋ ብቻውን ጣውላውን ወደ ላይ እየጎተተ ያንቀጠቅጠዋል፤ የውድዎርዝ ማሽን ቢላዋውን ጣውላ ከሚጫኑ ሮለሮች ጋር አጣመረ። ፓተንቱ ለ14 ዓመት የተሰጠ ቢሆንም ሁለት ጊዜ ሰባት ሰባት ዓመት ተራዝሞ እስከ 1856 ዘለቀ። ባለመብቶቹ ፈቃድ ሳይከፍል ጣውላ የሚልግን ሁሉ እየከሰሱ ጉዳዩን በ1846 እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት። ለወለልና ለግድግዳ የሚሆን የተላገ ጣውላ በየከተማው ይፈለግ ስለነበር ገንዘቡ ትልቅ ነበር።

ማሽኑ የፋብሪካ ንብረት ሆኖ የቆየው ከዚያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ ነው። የቤት ሠራተኛው እጅ የገባው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጃፓኑ ርዮቢ ኤፒ-10 የተባለውን 10 ኢንች ወርድ ያለው ተንቀሳቃሽ መላጊያ ሲያወጣ ነው። ከባዱ የጊሳ አካል ቀረ፤ ዝግተኛው ትልቅ ሞተር በእጅ መሰርሰሪያ ውስጥ ባለው ዓይነት ፈጣን፣ ጯሂ፣ ባለ ካርቦን ሞተር ተተካ። ዛሬ «የቤት መላጊያ» የምንለው ሁሉ የዚያ ዘር ነው፤ ጥቅሙም ጉድለቱም ከዚያ ሞተር ይመነጫል።

ሁለት የታወቁ ሞዴሎችን አጠገብ ለአጠገብ እናስቀምጥ። ማኪታ 2012ኤንቢ 304 ሚሊ ሜትር ወርድ ይቀበላል፤ ክብደቱ 28 ኪሎ ግድም ነው፤ አንድ ሰው ከመደርደሪያ አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። ዲዎልት ዲደብልዩ735 330 ሚሊ ሜትር ግድም ይቀበላል፤ ክብደቱ 42 ኪሎ ገደማ ነው፤ ይህኛው አንዴ ከተቀመጠ ባይነሳ ይሻላል። በማስታወቂያ ላይ ሁለቱም «ልሙጥ ፊት» ይሰጣሉ። ልሙጥነትን ግን በቃል ሳይሆን በስሌት ማወዳደር ይቻላል፤ ለዚህ የሚያስፈልጉት ሦስት ቁጥሮች በማንኛውም ማሽን መመሪያ ላይ ይገኛሉ።

የማኪታው ከበሮ በደቂቃ 8,500 ጊዜ ይዞራል፤ ሁለት ቢላዋ አለው፤ ስለዚህ በደቂቃ 17,000 ጊዜ ይቆርጣል። ጣውላው በደቂቃ 8.5 ሜትር፣ ማለትም 8,500 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ሲካፈል በአንድ ሚሊ ሜትር ላይ 2 ቆረጣ ያርፋል። የዲዎልቱ ከበሮ 10,000 ጊዜ ይዞራል፤ ቢላዋው ሦስት ነው፤ 30,000 ቆረጣ። ጣውላውን የሚያሳልፍበት ፍጥነት ሁለት ዓይነት ነው፦ በፈጣኑ በሚሊ ሜትር 4 ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ በዝግተኛው 7 ቆረጣ ያርፋል። ቆረጣው በበዛ ቁጥር በፊቱ ላይ የሚቀረው ጥቃቅን ማዕበል ይቀንሳል፤ በብርጭቆ ወረቀት የሚፈጀው ጊዜም ያጥራል። ጅማቱ ቀጥ ላለ እንጨት ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ወይራን ለመሰለ ጅማቱ ወዲያና ወዲህ ለሚሄድ እንጨት ግን ዝግተኛው ፍጥነት ፊቱን ከመቦጨቅ ያድነዋል። እኔ በግሌ ሁለት ፍጥነት ላለው ማሽን ተጨማሪ ገንዘብ መክፈልን አልቃወምም፤ ለ2 ሴንቲ ተጨማሪ ወርድ መክፈልን ግን እጠራጠራለሁ። 32 ሴንቲ ወርድ ያለው አንድ ወጥ ጣውላ ስንት ጊዜ ይገኛል?

ወደ ቢላዋው እንምጣ፤ ብራንድ የሚመረጠው በእውነት እዚህ ላይ ነው። የአብዛኞቹ ተንቀሳቃሽ መላጊያዎች ቢላዋ ቀጭንና በሁለት ጠርዝ የተሳለ ነው። አንዱ ሲደንዝ ይገለበጣል፣ ሁለቱም ሲደንዙ ይጣላል። አቀማመጡን ቀዳዳና ሹል እሾህ ስለሚወስነው በደቂቃዎች ይቀየራል፤ ደስ ይላል። ግን ያ ቢላዋ ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠራ ነው፤ ከሌላ አይዋስም። አዲስ አበባ ውስጥ የማይገኝ ከሆነ የውጭ ዘመድ በሻንጣ እስኪያመጣ ማሽኑ ይቆማል። (የሚያመጣ ሰው ካለ፣ በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ውስጥ ያድርገው።) በአንጻሩ የትልልቆቹ ማሽኖች ቢላዋ ወፍራም ብረት ስለሆነ ደጋግሞ ይሳላል፤ ስለት የሚያወጣ ባለሙያም ይገኛል። ችግሩ መልሶ ማሰሩ ነው። ሁሉም ቢላዋ ከከበሮው እኩል ካልወጣ ሥራውን የሚሠራው ከፍ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ ሦስት ቢላዋ ተገዝቶ በአንድ ይሠራል።

አሁን ገበያውን እየያዘ ያለው ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ከበሮው ዙሪያ በጠመዝማዛ መስመር የተሰኩ ትንንሽ አራት ማዕዘን የካርባይድ ጥርሶች ያሉት። እያንዳንዱ ጥርስ አራት ስለት አለው፤ ሲደንዝ በብሎኑ ላይ ሩብ ዙር ይዞራል። ምስማር አንዱን ቢሰብር የሚቀየረው እሱ ብቻ ነው። ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ፍቅፋቂው ይደቃል፣ አስቸጋሪ ጅማት ላይ ፊቱ አይቦጨቅም። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አንድ ነገር፦ ዋጋው። ከበሮው ለብቻው የማሽኑን ግማሽና ከዚያ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ከሞተሩም የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ማለፊያ የሚቆረጠው ቀጭን መሆን አለበት። ለባህር ዛፍና ለጥድ የሚሠራ ሰው ያለዚህ ይኖራል። ጠንካራና ውድ እንጨት የሚላግበት ቤት ግን በጊዜ ብዛት ዋጋውን ይመልሳል ባይ ነኝ።

የትኛውም ቢላዋ የማይችለው አንድ ጣውላ አለ፤ ከካሳፎርማ የተረፈው። ርካሽ ነው፣ የደረቀ ነው፣ ያጓጓል። ነገር ግን ጅማቱ ውስጥ የገባ ሲሚንቶና አሸዋ አዲስ ስለት በአንድ ማለፊያ ያበላሻል፤ ተሰብሮ የቀረ ምስማርም አይጠፋም። በሽቦ ብሩሽ መፋቅ፣ በማግኔት መፈተሽ፣ የላይኛውን ቅርፊት በመጋዝ ወይም በአሮጌ የእጅ መላጊያ ማንሳት፤ ይህንን ሁሉ ለማድረግ የማይፈልግ ሰው ካሳፎርማውን ለማገዶ ይተወው።

ኤሌክትሪኩ። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂንያ ጋራዡ ውስጥ ሲሠራበት የቆየውን መላጊያ ጠቅልሎ ሲገባ የሚጭን ወገን አለ። ማሽኑ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። መልሱ እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል። ባለ ካርቦኑ የተንቀሳቃሽ መላጊያ ሞተር ለኸርዙ ግድ የለውም፤ የሚፈልገው ትክክለኛ ቮልት ብቻ ነው። 15 አምፔር በ120 ቮልት 1,800 ዋት ነው፤ ስለዚህ 2,000 ዋት የሚል ትራንስፎርመር «ይበቃል» ቢባልም ሞተሩ ሲነሳና ጠንካራ እንጨት ሲገባ ከዚያ በላይ ይስባል። 3,000 ዋት የሚችል እውነተኛ የመዳብ ጥቅል ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ለጉዞ የሚሸጠው ትንሽ መቀየሪያ ለዚህ አይሆንም። የትራንስፎርመሩ ዋጋና የመርከቡ ጭነት ሲደመር ብዙ ጊዜ እዚያው ሸጦ 220 ቮልቱን መግዛት ይሻላል።

ካርቦን የሌለው፣ በዝግታ የሚያጓራው የትልቅ ማሽን ሞተር ግን ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። ከ60 ወደ 50 ሲወርድ ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛው ይወርዳል፤ በዚያ ላይ ይሞቃል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። እንዲህ ያለውን ማሽን ከማምጣት በፊት የሞተሩ ሰሌዳ ላይ «50/60» የሚል ጽሑፍ መፈለግ ነው። ከባህረ ሰላጤው አገሮች ለሚያመጣም ይኸው ይሠራል፤ ዱባይ እንደ እኛ 50 ኸርዝ ናት፣ ሳውዲ ግን 60 ኸርዝ ትጠቀማለች። እስራኤል ያለ ሰው በዚህ በኩል ጭንቀት የለበትም።

ቮልቱ ልክ ሆኖም ኬብሉ ሊያስቸግር ይችላል። ከዋናው ቤት እስከ ጓሮ 30 ሜትር በቀጭን ኤክስቴንሽን የተጎተተ መስመር ጭነት ሲበዛበት ቮልቱ ይወርዳል፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ይሞቃል፣ ካርቦኑን ቶሎ ይጨርሳል። ወፍራም ኬብል በቀጥታ ከቆጣሪው፣ በራሱ ብሬከር። አሮጌ የጊሳ ማሽን ለሚገዛ ደግሞ ሞተሩ ሦስት ፌዝ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ቤት ውስጥ የገባው አንድ ፌዝ ከሆነ ዋጋው ርካሽ የሆነበት ምክንያት ያ ሊሆን ይችላል።

ፍቅፋቂውን ማንም አይገምተውም። 2 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሴንቲ ወርድ ያላቸው ስምንት ጣውላዎች ከእያንዳንዳቸው 3 ሚሊ ሜትር ቢላግ የሚወጣው እንጨት 10 ሊትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ ይህ ግን ጥቅጥቅ ብሎ ነው። ተፈቅፍቆ ሲነፋ አምስት እጥፍ ቢሰላ እንኳ 50 ሊትር ይጠጋል። የቤት ቫክዩም ክሊነር ወዲያው ይሞላል፣ ቱቦውም ይታፈናል። 10 ሴንቲ ውፍረት ያለው ቱቦና ብዙ አየር የሚስብ ሰብሳቢ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ማሽኑን ደጅ አውጥቶ መላግ። አንዳንዱ ሞዴል ፍቅፋቂውን የሚነፋ ማራገቢያ በውስጡ አለው፤ ቱቦውን ጆንያ ወይም በርሜል ውስጥ መክተት ይቻላል፤ ሰብሳቢ ለሌለው ሰው ይህ ከብራንዱ ስም በላይ ይጠቅመዋል። የተሰበሰበው ለዶሮ ቤት ንጣፍ ይሆናል። አሜሪካ ያለ አንባቢ ግን የጥቁር ዋልነትን ፍቅፋቂ ፈረስ ላለው ጎረቤት እንዳይሰጥ፤ የፈረስን ኮቴ የሚያሳምም በሽታ ያስከትላል። ትልቁ ፍቅፋቂ የሚያስቸግረው ቦታ በመያዝ ነው፤ አደገኛው ዓይን የማያየው ብናኝ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨትን ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ጎራ መድቦታል። አፍንጫና አፍን በደንብ የሚገጥም ጭምብል ከማሽኑ ጋር በአንድ ቀን ይገዛ።

ጆሮም እንዲሁ። የእነዚህ ማሽኖች ጩኸት 100 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ለስምንት ሰዓት የሚፈቅደው 85 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ጎረቤት በግድግዳ የሚጋራ ግቢ ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ ከጆሮ አልፎ የኑሮ ይሆናል።

ሻጭ ፊት ማሽኑን ሲሞክሩ የሚፈለገው የጫፍ ጉድጓድ ነው። ጣውላው ሲገባ የሚይዘው የፊተኛው ሮለር ብቻ ነው፤ ሲወጣም የኋለኛው ብቻ። በእነዚያ ቅጽበቶች ጫፉ ትንሽ ይነሳና ቢላዋው ከመጠን በላይ ይበላዋል። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው 5 እስከ 10 ሴንቲ ላይ በጣት የሚታወቅ ዝቅታ ይቀራል። ጨርሶ የማያሳይ የቤት ማሽን አላውቅም፤ የሚለያዩት በመጠኑ ነው። የከበሮው ቤት በአራት ምሰሶ ላይ ያለ እንደሆነ በእጅ ይዞ ወዲያና ወዲህ መነቅነቅ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጉድጓዱ ይከፋል። የፊትና የኋላ ማራዘሚያ ጠረጴዛዎቹን ረጅም ማስመሪያ አስተኝቶ ማየትም ያስፈልጋል፤ ጫፋቸው ከዋናው ጠረጴዛ በጣም ትንሽ ከፍ ቢል ይጠቅማል፣ ዝቅ ካለ ግን ይጎዳል። ቤት ሲደርስ ጣውላው 10 ሴንቲ ትርፍ ይዞ ተልጎ በኋላ ይቆረጣል፤ ወይም ጣውላዎች ጫፍ ለጫፍ ተነካክተው በተከታታይ ይለቀቃሉ፤ ጉድጓዱ የሚያርፈው መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ ብቻ ይሆናል።

ያገለገለ ከሆነ ኩሽኔታው በእጅ ሲዞር ያለመንኮሻኮሹ፣ ቺንጋው ያለመሰንጠቁ፣ የሮለሩ ጎማ ያለመድረቁ ይታይ። ጎማው እንደ መስታወት ካበራ ጣውላው መሐል ላይ ይቆምና ቢላዋው አንድ ቦታ ያቃጥለዋል። አጭር ቁራጭ እያስገቡ መሞከር ግን ክልክል ነው፤ ከ30 ሴንቲ የሚያንስ እንጨት በሁለቱ ሮለሮች መካከል ያለ ያዥ ቀርቶ ተመልሶ ሊወረወር ይችላል። ሲላግ ከጎን መቆም፣ አጎንብሶ ወደ ውስጥ አለማየት፣ ቢላዋ ሲነካ ሶኬቱን መንቀል፤ ይህ የማንኛውም መላጊያ ሕግ ነው።

ይህንን ሁሉ ያነበበ ሰው «ታዲያ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ቢል መልሴን የሚወስነው በዓመት ስንት ዕቃ እንደሚሠራ ነው። ሁለት መደርደሪያና አንድ ጠረጴዛ ከሆነ ጣውላውን ተሸክሞ የሰፈር እንጨት ሥራ ቤት ሄዶ በክፍያ ማስላግ ይሻላል፤ እዚያ ያለው ከባድ ማሽን ከቤት ማሽን የተሻለ ፊት ይሰጣል። አንድ ጉድለት አለው። እንጨት ሲላግ ውስጡ ለአየር ይጋለጥና እንደገና ይንቀሳቀሳል፤ በተለይ በደንብ ሳይደርቅ የተሸጠ ባህር ዛፍ። ልምድ ያለው ሠራተኛ መጀመሪያ ከሚፈለገው 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር አስበልጦ ይልጋል፤ ጣውላዎቹን በመካከላቸው ቀጭን እንጨት አስገብቶ አየር እንዲያገኛቸው ደርድሮ ለቀናት ይተዋል፤ ከዚያ የጎበጠውን አቅንቶ ወደ ልኩ ያወርዳል። በየፊቱም እኩል ይቀንሳል፤ ከአንድ ወገን ብቻ 5 ሚሊ ሜትር የተላገ ጣውላ በማግስቱ ጎብጦ ይገኛል። በክፍያ የሚልግ ቤት ሁለት ጊዜ መመላለስን ይጠይቃል፤ የራስ ማሽን ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ማሽኑ ላይ ያለውን የውፍረት ማሳያ አይመነው። ቢላዋ በተቀየረ ቁጥር ይዛባል። ለሥራው የሚያስፈልጉት ጣውላዎች በሙሉ በአንዱ ልክ ካለፉ በኋላ ብቻ መዘውሩ ይዞራል፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ የለም። የመጨረሻው ማለፊያ ቀጭን ይሁን፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከእነሱ ጋር አንድ ትርፍ ጣውላ ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከሳምንት በኋላ አንዱ ተሰንጥቆ ሌላ ቢያስፈልግ መዘውሩን ወደዚያው ልክ በትክክል መመለስ አይቻልም።